ከአስር የሚጀምረው ሜትር

«ገባህ?» ስባል «ገባኝ» ለማለት የማልዘገይ ልጅ ነበርኩ። መምህር ሲጠይቀኝ ገባኝ እላለሁ፤ አባቴ ሲያዘኝ ገባኝ እላለሁ፤ የማላውቀው ሰፈር ሄጄ መንገድ የሚያሳየኝ ሰው ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ገባኝ ብዬ እሄድና ጥግ ላይ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ። ሰው ለእኔ ሲል ሁለት ጊዜ እንዲደክም አልወድም ነበር። ይህን ትሕትና አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ትሕትና አለመሆኑን ያወቅኩት መካኒሳ ውስጥ፣ አንድ ጋራዥ ግቢ፣ በአንድ እሁድ ጠዋት ነው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ጨርሼ ነበር። ለዕረፍት ሀና ማርያም ወደሚገኘው ቤታችን ስመለስ አባቴ መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ ቆየኝ። አባዬ ቶሎሳ ይባላል። የመስክ ሾፌር ነው። የውሃ ጉድጓድ ቦታ የሚያጠኑ ባለሙያዎችን አስፋልት በሌለበት አገር ይዞ ይዞራል። መኪናው ሾርት ቤዝ ናት፤ አጭር፣ ከፍ ያለች፣ ወንዝ የማትፈራ። ችግሩ ከታች ነበር። ሻንሲው፣ ማለትም ሞተሩንም ቦዲውንም ተሸክሞ የሚሄደው የብረት አጽም፣ በዝገት ተበልቶ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አውጥቷል። አባዬ የለውጡን ፈቃድ አውጥቶ የአንድ ፒክአፕ ሻንሲ ገዛ። ሞተሩና ማርሹ ወደ አዲሱ ሻንሲ ተዛውረዋል። የቀረው ቦዲውን ከአሮጌው አንስቶ አዲሱ ላይ ማስቀመጥ ነበር።

አባዬ ሰኞ ጠዋት የመኪናዋ የቴክኒክ ምርመራ ቀጠሮ አለው። ሰኞ ከሰዓት ደግሞ ቡድኑን ሀይሌ ጋርመንት ላይ አሳፍሮ ይወጣል። የአራት ወር ሥራ ነው። የቡድኑ አስተባባሪ በግልጽ ነግሮታል፤ መኪናው ሰኞ ካልደረሰ ሌላ መኪና ተዘጋጅቶ ቆሟል።

አባዬ ዓርብ ጠዋት ጋራዥ ሲወስደኝ ገና ከበሩ ጀምሮ፣ «ልጄ ነው፤ ኢንጂነሪንግ ነው የሚያጠናው» አለ።

እኔ ፍሬሽማን ነኝ። ገና የትምህርት ክፍል አልመረጥኩም። ግን አባዬ ሲናገር ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ስላየሁ ዝም አልኩ። ያ የመጀመሪያው ዝምታዬ ነበር።

«እንኳን መጣህልን!» አለ በያጁ ነስሩ፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «እዚህ ሁላችንም በጆሮ ነው የተማርነው። ኢንጂነር፣ ግባ፤ ወንበር የለንም እንጂ ወንበር ነበር የሚገባህ።»

የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ወርቁ ሳቁ። ወገባቸውን ያማቸዋል፤ መኪና ሥር መግባት ካቆሙ ቆይተዋል። አሮጌው ሻንሲ ላይ ቦዲው የተቀመጠባቸው አራት ጥንድ እግሮች አሉ። የፊተኛው ጥንድ አዲሱም ላይ በቦታው አለ። የቀሩት ሦስቱ ግን አዲሱ ላይ የሉም፤ በየቦታቸው መበየድ አለባቸው። ስለዚህ አንድ ሰው አሮጌው ሥር ተንጋሎ ገብቶ ከፊተኛው ቀዳዳ እስከ እያንዳንዱ እግር ያለውን ርቀት መለካት ነበረበት።

«ቦዲውን አንስተን አዲሱ ላይ አድርገን ምልክት ብናደርግስ?» አለ አባዬ።

«ቶሎሳ፣ ይሄን ነገር የሚያነሳ ስምንት ሰው ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከየጋራዡ ለምኜ ነው የማመጣቸው። ሁለት ጊዜ አላስነሳቸውም። እግሩ ተበይዶ ይጠብቃል፤ አንድ ጊዜ አንስተን አንድ ጊዜ እናስቀምጣለን፤ አለቀ።» ጋሽ ወርቁ ከኪሳቸው ሜትር አውጥተው ሰጡኝ። «ሥሩ አንተ ግባልኝ። ይሄ ሜትር አፉ ተቆርጧል። ከአስር ነው የሚጀምረው። አስሩን ቀዳዳው ላይ ትይዛለህ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

ሌላም ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። «ገባኝ» ስላቸው ዘጉት።

ሥር ገባሁ። የሚረግፈው ዝገት ዓይኔ ውስጥ ይገባል። አስሩን ቀዳዳው ላይ ያዝኩ፤ ሁለተኛው እግር ላይ ዘጠና ስድስት አነበብኩ። ሜትሩ ከአስር ስለጀመረ እውነተኛው ርቀት ሰማንያ ስድስት ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ ቀነስኩና ደብተሬ ላይ ሰማንያ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛው መቶ ስልሳ አራት፤ መቶ ሃምሳ አራት ብዬ ጻፍኩ። አራተኛው ሁለት መቶ ሰላሳ አንድ፤ ሁለት መቶ ሃያ አንድ አደረግኩት። ከሥር ስወጣ ሸሚዜ ተበላሽቶ ነበር፤ ደብተሬ ግን ንጹሕ ነበር። እያንዳንዱን ቁጥር በማስመሪያ አስምሬ አሳምሬዋለሁ።

ነስሩ ቁጥሮቹን አየና፣ «የእጅ ጽሑፍህ እንደ ሰርግ ጥሪ ነው» አለኝ። ከዚያ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ በየደ። እኔ ውሃ አቀበልኩ፣ ኤሌክትሮድ አቀበልኩ፣ ጠረግኩ። ስድስቱም እግሮች ተበይደው ዝገት መከላከያ ቀለም ተቀቡ። አባዬ ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «እኔ ሠላሳ ዓመት ነዳሁ፤ ሥሯን አይቼ አላውቅም። አንተ በአንድ ቀን አወቅካት» አለኝ።

እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ ሰዎቹ መጡ። ነጠላቸውን አጥር ላይ የሰቀሉ አሉ፤ ከመስጊዱ ወገን ከነስሩ ጋር የመጡ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። በመኪናዋ በሮች በኩል ሁለት ወፋፍራም አጣና አስገቡ። ጋሽ ወርቁ እንደ ሰርግ አስተናጋጅ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ «በአንድ ላይ! ማንም ጀግና እንዳይሆን! በአንድ ላይ!» ይላሉ። ቦዲዋ ከአሮጌው ሻንሲ ስትለቅ የዓመታት ዝገት ዝርግፍ አለ። አባዬ ፊቱን ሲያዞር አየሁት።

ተሸክመው አዲሱ ላይ አወረዷት። ፊተኛው ብሎን ገባ። ሰው ሁሉ ጮኸ፤ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ። ነስሩ ወደ ሁለተኛው እግር ጎንበስ አለና ጭብጨባውን በእጁ አስቆመ።

ቀዳዳ ከቀዳዳ አልገጠመም። የተበየደው እግር ወደ ፊት አንድ መዳፍ ያህል ሸሽቶ ተቀምጧል። ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛውም።

ጋሽ ወርቁ ሦስቱንም በዝግታ ዞረው አዩ። «ነስሩ፣ ከየትኛው ቀዳዳ ነው የጀመርከው?»

አዲሱ ሻንሲ ፊቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንደኛው፣ ከፊት ያለው፣ የፊት መከላከያው ብረት የሚታሰርበት ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ደግሞ አንድ መዳፍ ገደማ ነው።

«ከሁለተኛው። ከተነገረኝ።»

«ከአንደኛው ነው የጀመርከው።»

«ጋሽ ወርቁ፣ ከሁለተኛው ነው።»

«ታዲያ ብረቱ በእግሩ ሄደ?»

ቀዳዳውን አሁን ቦዲው ስለሸፈነው ማየት አይቻልም። ነስሩ በእናቱ ማለ። ጋሽ ወርቁ መሐላውን ሲሰሙ ትንሽ ለዘብ አሉ፤ ምናልባት ሻንሲውን ያመጣልን ሰውዬ የሌላ ሞዴል ሰጥቶን ይሆናል አሉ። ስልክ ደወሉለት። ሀይሌ ጋርመንት ነበር፤ መጣሁ አለ። እርሱ እስኪመጣ ቦዲው ባለበት ይቀመጥ ተባለ። ሰዎቹ በር ላይ ሻይ ይዘው ቆሙ።

እኔ ጥግ ሄጄ ደብተሬን ገለጥኩ። አራት ሰዓት ነበር፤ ሰዓቱን አይቻለሁ፤ ስለዚህ አልረሳውም። ቅዳሜ ነስሩ ሲለካ ቆሜ አይቼው ነበር። በዚያው ሜትር ነው የለካው። አስሩን ቀዳዳው ላይ ይዞ ሰማንያ ስድስት ላይ ምልክት አደረገ። በዚያ ጋራዥ ማንም አይቀንስም። ሜትሩ ላይ የተነበበው ቁጥር እንዳለ ይነገራል፣ በዚያው ሜትር እንዳለ ይመለሳል። ሜትሩ አንድ ስለሆነ ቅነሳ አያስፈልግም። ጋሽ ወርቁ አፋቸውን ከፍተው የዘጉት ይህን ሊነግሩኝ ነበር። እኔ አንድ ጊዜ ቀነስኩ፤ ነስሩ ደግሞ ከአስር ጀመረ። አስር ሳንቲ ሜትር ጠፋ።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተገለጠልኝ። የሚቀረው አፍ መክፈት ብቻ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ለምን ዝም እንዳልኩ ደጋግሜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ቁጣ ፈርቼ አልነበረም። አባዬ በር ላይ ከሰዎቹ ጋር ቆሞ፣ «እሱ ነው የለካው፤ ቁጥሩ እንኳ ልክ ነው፤ የብየዳው ነገር ነው እንጂ» ሲል ሰማሁት። እርሱ እንደዚያ እያለ እኔ ምን ብዬ ልቅረብ? ሰውዬው ሲመጣ ሌላ ምክንያት ይገኝ ይሆናል አልኩ። ሻንሲው እውነትም የሌላ ሞዴል ይሆን ይሆናል አልኩ። የማይሆን መሆኑን እያወቅኩ ጠበቅኩ። ነስሩ በርሜል ላይ ተቀምጦ የገዛ እጁን ያያል። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ፣ «ኢንጂነር፣ አንተ አይተህ የለ? ከሁለተኛው ነው አይደል የጀመርኩት?» አለኝ።

«መሰለኝ» አልኩት።

መሰለኝ! ከሁለተኛው መጀመሩን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ቃላት ሁሉ ይህቺ ናት እስከ ዛሬ የምታሳፍረኝ።

ሰውዬው አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ሻንሲውን ዞሮ አየ፣ በቴፕ የታሰረውን ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አስተያየ፣ ከዚያ በእርጋታ፣ «ሻንሲዬ ምንም የለውም። ፊተኛው ገጥሞ የለ? በያጃችሁን ጠይቁ» አለ። ከሰዎቹ ሦስቱ ሥራ አለን ብለው ሄደው ነበር።

አባዬ ከበሩ መጣ። አባዬ ሰው ላይ አይጮኽም። ያን ዕለት ግን ድምፁ ተሰነጠቀ። «ነስሩ፣ አራት ወር ሥራ ነው ያጠፋህብኝ። ማየት ካቃተህ ለምን ሌላ ሰው አልጠራህም?»

ነስሩ ከበርሜሉ ተነሳ። ጓንቱን አወለቀ። ሽርጡን አወለቀና አጥፎ በርሜሉ ላይ አስቀመጠው። ያ ማጠፉ ነው አንጀቴን የቆረጠው። ተናዶ ቢወረውረው ምናልባት ዝም እል ነበር።

«ጋሽ ወርቁ፣ አስራ አንድ ዓመት አብሬዎት ሠርቻለሁ» አለ። «ቀዳዳ መቁጠር አይችልም ካሉኝ ደህና ይሁኑ።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ደግሜ ጮክ ብዬ አልኩት። ደብተሩን ገልጬ ለጋሽ ወርቁ ሰጠኋቸው። «ቀንሻለሁ። ዘጠና ስድስት ነበር ያነበብኩት። አስሩን ቀንሼ ነው የጻፍኩት።»

ጋሽ ወርቁ ቁጥሮቹን አዩ። እንደሚጮኹብኝ ጠብቄ ነበር። «መቼ ነው ያወቅከው?» ብቻ አሉኝ።

«አራት ሰዓት ላይ።»

በእጃቸው ያለውን ሰዓት አዩ። አምስት ሰዓት ከሩብ። ደብተሩን መለሱልኝና ወደ በሩ ዞረው፣ «ሰው አምጡ!» ብለው ጮኹ። «ቆርጦ መልሶ ለመበየድ አንድ ሰዓት ይበቃናል። ፍጠኑ!»

አባዬ ወደ እኔ አላየም። ነስሩን ነው ያየው። ሽርጡን ከበርሜሉ ላይ አንስቶ በሁለት እጁ ያዘለት። ነስሩ ተቀበለው። በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ እስቅብህ ነበር» አለኝ። «እስከ ፋሲካ ነበር የምስቅብህ። አሁን መሳቅ አቃተኝ።»

የሄዱትን ሦስት ሰዎች ለመተካት ከሻይ ቤቱ፣ ከጎሚስታው፣ ከመንገድ ሰው ተለመነ። ቦዲዋ እንደገና ተነስታ በርሜሎች ላይ ተቀመጠች። ነስሩ የብረት መቁረጫውን ግራይንደር አስነሳ። ከተበየዱት አንዱ እግር ተቆርጦ ወደቀ። ሌላኛው ግማሽ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግራይንደሩ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ።

ነስሩ ማብሪያ ማጥፊያውን ሁለት ጊዜ ተጫነ። ከዚያ ሁላችንም ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል አየን።

መብራት ጠፍቷል።

«ይመጣል» አለ አንዱ። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ አልመጣም። ጎሚስታው ጄኔሬተር አለኝ ብሎ አምጥቶ አስነሳው፤ ነስሩ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ገና ሲነካው ጄኔሬተሩ አስሎ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፣ ሦስት ጊዜ ጠፋ። ትልቅ ጄኔሬተር ያለው ጋራዥ እሁድ ስለሆነ ዝግ ነው፤ ባለቤቱ ሰርግ ሄዷል፤ ስልኩ አይነሳም። በእጅ መጋዝ እግሩን ለመቁረጥ ሞከርኩ። እጄ ውሃ ቋጠረ፤ አንዱን እግር እንኳ አልጨረስኩም። ቢቆረጥስ በምን ይበየዳል? ነስሩ መጋዙን ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደና፣ «ተው፤ ለራስህ ነው የምትቆርጠው» አለኝ። ያኔ አልገባኝም፤ የምቆርጠው ለመኪናዋ ሳይሆን ሕሊናዬን ለማቅለል መሆኑ የገባኝ ኋላ ላይ ነው።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ጋሽ ወርቁ ለሥራ የማይሆን ብርሃን ውስጥ ቆመው መሣሪያ መሰብሰብ ጀመሩ። እኔ አጠገባቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ።

«ስማ» አሉኝ። «ስህተቱን ተወው። ሜትሩን ተቆርጦ የሰጠሁህ እኔ ነኝ፤ አስረድቼ ያልጨረስኩም እኔ ነኝ። ሰዓቱ ግን የአንተ ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ መብራት ነበረን።»

መብራት የመጣው ሰኞ ቀትር ላይ ነው። የምርመራው ቀጠሮ ያን ጊዜ አልፏል። አባዬ በስልክ መናገር አልፈለገም፤ ከሰዓት ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ይዘን ሄድን። አብሬው ልሂድ ስለው እሺም እምቢም አላለኝም። አስተባባሪው አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነበር። ሌላ መኪና ተጭኗል፤ ድንኳኑና መሣሪያው ጣሪያው ላይ ታስሯል፤ ባለሙያዎቹ አባዬን አውቀውት በመስኮት እጅ ነሱት።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ ምነው? ምን ሆነው ነው?» አለ አስተባባሪው።

እኔ ልናገር አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመድኩ። አባዬ ክንዴን ያዘኝ።

«መብራት ጠፋብን» አለ።

«ውይ! እኔም እኮ ጠበቅኩዎት።»

«አውቃለሁ። በሰላም ግቡ።»

መኪናው ሄደ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቀይ ሆኖ የቆሰለው መዳፌ ጉልበቴ ላይ ነበር። «አባዬ፣ እውነቱን ለምን አልነገርካቸውም?» አልኩት።

በመስኮት እያየ፣ «ምን ልበላቸው?» አለኝ። «ልጄ መቀነስ ይችላል ልበላቸው?»

ሁለታችንም ልንስቅ ደርሰን ነበር። አልሳቅንም።

መኪናዋ ማክሰኞ ተጠናቀቀች። እግሮቿ ሁሉ ልክ ገጠሙ። የምርመራ ቀጠሮ ግን ሁለት ሳምንት ጠበቀች። አባዬ አሁን የከተማ ዳር አጫጭር ጉዞ ይሠራል፤ አንዳንዴ የሲሚንቶ፣ አንዳንዴ የሙሽራ ዕቃ። ስለዚያ እሁድ አንስቶብኝ አያውቅም። አንዳንዴ ቢያነሳብኝ እመርጣለሁ። ሰው ፊትም ልጄ ኢንጂነር ነው ማለቱን ትቷል፤ «ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው» ይላል። ትክክል ነው። ግን ትክክል ስለሆነ አያምም ማለት አይደለም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ እንደ እኔ ሰውን ለማስደሰት የምትቸኩሉ ካላችሁ፣ ይህን ልንገራችሁ። አለማወቅ ብቻውን ያን ዕለት ማንንም አይጎዳም ነበር። አስር ሳንቲ ሜትር በግራይንደር የሚስተካከል ነገር ነው። ሳይገባኝ «ገባኝ» ያልኩት ቃል ስህተቱን ወለደ። ከገባኝ በኋላ ዝም ያልኩት ሰዓት ደግሞ አሳደገው። ዝም ስል የጠበቅኩት አባቴን መስሎኝ ነበር፤ የጠበቅኩት ግን በአባቴ ዓይን ውስጥ ያለውን የእኔን መልክ ነበር። ለዚያ መልክ ስል አንድ ሰው አስራ አንድ ዓመት የለበሰውን ሽርጥ እስኪያጥፍ ቆሜ አየሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ለኪስ የሚሰጠኝን ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜ ለጋሽ ወርቁ አዲስ ሜትር ገዝቼ ሄጄ ነበር። አመስግነው ተቀበሉና ግድግዳው ላይ ምስማር መትተው ሰቀሉት። ዛሬም እንደተሰቀለ ነው። «ይሄኛው ከዜሮ ይጀምራል፤ እኛን ያሳስተናል» ይላሉ። የሚሠሩት በአፈ ቆራጣው ነው።

አሁን ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ እሄዳለሁ። ባለፈው ነስሩ የፍሬን ቱቦ እንዴት እንደሚታጠፍ አሳየኝና፣ «ገባህ?» አለኝ።

«አልገባኝም» አልኩት።

ደግሞ አሳየኝ። «አሁንስ?»

«ግማሹ ገባኝ። ከመታጠፊያው በኋላ ያለው አልገባኝም።»

በሦስተኛው ጊዜ ቱቦውን አስቀመጠው። ወደ ጋሽ ወርቁ ዞሮ፣ «ይሄ ልጅ አንድ ነገር ገብቶት መቼም አይጨርስ!» አለ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። መነጽሩ ከግንባሩ እስኪወድቅ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ ሳቀብኝ። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ስጠብቀው የነበረ ሳቅ ነበር። ሳያቋርጥ እንዲስቅ ቆሜ ጠበቅኩትና ሲጨርስ፣ «ድገምልኝ» አልኩት።